ምክር ቤት ስንት ወር ይቀመጥ?



በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው «ኀላፊው የሉም፤ ስብሰባ ናቸው» የሚለው ቃል እንደ ማለዳ ሰላምታ የተለመደ ነው። በሐዋሳ ከተማ ግን ምክር ቤት በሚቀመጥበት ሰሞን ይህ ቃል ከወትሮው ይበዛል። ከተመራጮቹ ብዙዎቹ በየወረዳውና በየቢሮው የአስተዳደር ሥራ የያዙ ስለ ሆኑ፣ አዳራሹ ሲሞላ ቢሮው ይጐድላል፤ ባለጉዳዩም ማመልከቻውን አጥፎ በኪሱ ከትቶ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። እኔም ለዜና ሥራ ከአዳራሹ በር በቆምሁባቸው ቀናት ሁለት ዓይነት ወቀሳ ሰምቻለሁ። አንደኛው «ይህን ሁሉ ቀን ምን ያደርጋሉ? ባጭሩ ጨርሰው ወደ ሥራቸው አይመለሱምን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የዓመት በጀት በአንድ ቀን ውሎ እንዴት ተመርምሮ ያልቃል?» የሚል ነው። ሁለቱንም የተናገረው አንድ ሰው መሆኑን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰውዬው አልተሳሳተም።

የሕግ አውጪ ምክር ቤት የመቀመጫ ጊዜ ይጠር ወይስ ይርዘም የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከዘጠና ዓመት በላይ የቈየ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የቀን ቈጠራ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም ተመራጮቹ ወደየቤታቸው በተመለሱባቸው ወራት ሕግ የማውጣት ሥልጣን በማን እጅ ይቈያል? ያ ሥልጣንስ የሠራውን ሥራ ይዞ መቼ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል? ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥተን እንመልከተው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ ከተመለከቷቸውም የውጭ አገር ሕጎች ዋነኛው ጃፓን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1889 ያወጣችው ሕገ መንግሥት ነው። በጃፓኑ ሕግ ምክር ቤቱ የሚቀመጠው ሦስት ወር ነው፤ ካስፈለገ ንጉሠ ነገሥቱ ያራዝሙታል፤ ምክር ቤቱ ባልተቀመጠበትም ጊዜ ሕግን የሚተካ ትእዛዝ ያወጣሉ። ወደ እኛ የተሻገረው ይኸው አሳብ ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፣ ሌላው የሕግ መምሪያ ተባሉ። የመወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይመርጧቸው ነበር፤ የመምሪያውንም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጡ ዘንድ ተደነገገ። የምክር ቤቶቹን ጉባኤ መጥራት፣ መክፈትና መዝጋት የዘውዱ ሥልጣን ነበር። ምክር ቤቶቹ በሌሉበት ጊዜ የወጣ ድንጋጌም እንደ ሕግ ይሠራል፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ይቀርባል፤ ምክር ቤቶቹ ካልተቀበሉት ይቀራል ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ የመረጧቸው ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱ ያወጡትን ድንጋጌ አንቀበልም ይላሉ ብሎ የጠበቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቢሆንም አሳቡ በወረቀት ላይ ሰፈረ፤ በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ይነሣል።

በ1948 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በዘውዱ የ25ኛ ዓመት በዓል፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። የምክር ቤት መቀመጫም ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀን እስከ ቀን ተወሰነ፤ ከጥቅምት 23 እስከ ሰኔ 1። ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ቀን ስለ ነበረ ንጉሠ ነገሥቱ በአራት ኪሎው ሕንጻ ተገኝተው ንግግር ያደርጉና ጉባኤው ይከፈታል። ሰባት ወር ቀላል ጊዜ አይደለም። የክረምቱ ወራት ለምን እንደ ተተወ ማንም ይገባዋል፤ በዚያ ዘመን መንገድ በዝናብ ሲቈረጥ ከሲዳሞ ወይም ከጎጃም ወጥቶ አዲስ አበባ መድረስ እንደ ዛሬው የአንድ ቀን ጕዞ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጠ።

ከሰኔ 2 እስከ ጥቅምት 22 ያለው ጊዜ ግን አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በዚህ መካከል አስቸኳይ ነገር ቢነሣ ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ያወጣሉ፤ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ የሕግ ኀይል ያገኛል፤ ምክር ቤቶቹ ሲመለሱ ይቀርብላቸዋል። የዚህ አሠራር ዋና ምሳሌ የሚሆነን የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ነው። በ1954 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ እንደራሴዎቹ በየአገራቸው ሳሉ፣ የሠራተኛና አሠሪ ግንኙነት ድንጋጌ ቍጥር 49 ወጣ። በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ሕጋዊ መብት ያገኘው በዚህ ድንጋጌ ነው። ሠራተኞቹም ምክር ቤቱ እስኪወስን አልጠበቁም፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት አንድነትን መሠረቱ። ምክር ቤቱ መርምሮ አዋጅ ቍጥር 210 ሆኖ የወጣው ግን በጥቅምት 1956 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሕጉ ከወጣ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያህል ቈይቶ ተመራጮቹ ቃላቸውን ሰጡበት ማለት ነው፤ ልጁ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ በኋላ ሽማግሌ ለጋብቻ እንደ መላክ ያለ ነው።

ይህን ስል ድንጋጌው ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም። ለሠራተኛው ጠቀመው እንጂ አልጐዳውም። ምናልባትም ባለርስትና ባለሀብት በበዛበት ምክር ቤት በኩል መጀመሪያ ቢመጣ ኖሮ ብዙ ይዘገይ ነበር። ላሳያችሁ የምፈልገው፣ አምስት ወር የተዘጋ በር ላለው ቤት ታላላቁ ሕግ በመስኮት ሊገባ እንደሚችል ነው። በዚያ ዓመት በመስኮት የገባው መልካም እንግዳ ሆነ፤ በሌላ ዓመት ማን እንደሚገባ ግን ማንም አያውቅም።

«እንግዲያማ መቀመጫው ይርዘም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለእርሱ ደግሞ የመሬቱን ነገር ላስታውሰው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ሰልፍ ሲወጡ ጉባኤው በመቀመጥ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ተዘጋጅቶ ለምክር ቤት ቀረበ። ረቂቁ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ተሻገረ፤ እስከ 1966 ዓ.ም. ሳይጸድቅ ቀረ። ከሰልፉ ወዲህ ከዘጠኝ የማያንሱ የመቀመጫ ዘመኖች አለፉ፤ እያንዳንዱም ሰባት ወር ነው። ጊዜ አነሳቸው ለማለት አይቻልም። ለእንደራሴነት ለመወዳደር በምርጫው ወረዳ የማይንቀሳቀስ ንብረት ቢሆን 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ቢሆን 2,000 ብር የሚያወጣ ሀብት ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ባለመሬቱ እንጂ ጭሰኛው አልነበረም። ረጅሙ ጊዜ ለመመርመሪያ ሳይሆን ለማቈያ ዋለ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አውርዶ ምክር ቤቶቹን ዘጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። እንደራሴዎቹ ለዓመታት ሊወስኑት ያልፈለጉት ነገር አንድም እንደራሴ በሌለበት ተወሰነ፤ እነርሱ የፈሩት ግን ኪራዩ እንዳይቀነስ ነበር፤ የሄደው መሬቱ በሙሉ ነው። በአገራችን የምክር ቤት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጥ ምዕራፍ አላገኘሁም።

የደርግ መንግሥት ራሱ በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲያወጣ ደግሞ ወደ ሌላው ዳር ሄደ። ብሔራዊ ሸንጎ የሚባል 835 አባሎች ያሉት ታላቅ ጉባኤ ተቋቋመ፤ መደበኛ ስብሰባው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የያዘው ጥቂት ሰዎች የሚቀመጡበት የመንግሥት ምክር ቤት ነው፤ ልዩ ድንጋጌ እያወጣ ይሠራ ነበር። 835 ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ምን ያህል ይናገራል? እያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ ቢናገር ብቻ ሰባ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የመጣው እጁን ሊያወጣ ነበር።

ሸንጎ ካልሁ ዘንድ፣ በስም የሚቀራረበውን የሲዳማን ሶንጎ ሳላነሣ ባልፍ በዚህች ከተማ የሚኖሩ አንባቢዎች ይታዘቡኛል። ሶንጎ የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን በጽሑፍ አልተወሰነለትም፤ ነገር ሲመጣ ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሀላሌ ማለትም እውነቱ እስኪወጣና ሁሉ እስኪስማማ ድረስ አይነሡም፤ ዛሬ ካላለቀ ነገ ይመለሳሉ። ከዚህ በስተ ደቡብ ደግሞ የቦረና ኦሮሞ ጉሚ ጋዮ አለ፤ በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ ታላቅ ጉባኤ ነው። ሕግ በዚያ ይታደሳል፤ አዲስም ይወጣል፤ በመካከሉ ያለው አባ ገዳ የሚጠበቅበት የወጣውን ማስፈጸም ነው። አንዱ ሁልጊዜ፣ ሌላው በስምንት ዓመት። ሁለቱም ለብዙ ትውልድ የኖሩት በቀኖቻቸው ብዛት ወይም ማነስ አይመስለኝም፤ ጉባኤው በሌለበት ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ሁሉም ስለሚያውቅ ነው እንጂ።

ከአገራችን ውጭም ነገሩ ያው ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1629 እስከ 1640 ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ፓርላማ ሳይጠራ ገዛ፤ ገንዘብ ሲያጥረው ጠራ፤ የተጠራውም ፓርላማ ከእንግዲህ ያለ ራሳችን ፈቃድ አንበተንም ብሎ ሕግ አወጣ። ይኸው ፓርላማ ብዙ ከመቀመጡ የተነሣ በ1653 ክሮምዌል በወታደር አስወጣው። በአሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚቀመጠው በየሁለት ዓመቱ 140 ቀን ብቻ ነው፤ የአባሉም ደመወዝ በወር 600 ዶላር ስለ ሆነ እያንዳንዱ ሌላ እንጀራ አለው። በሁለት መካከል አስቸኳይ ነገር ሲመጣ አገረ ገዢው ለሠላሳ ቀን ልዩ ስብሰባ ይጠራል፤ የሚነጋገሩበትንም ጉዳይ የሚወስነው እርሱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቀኑ ሲያጥር አጀንዳውን የሚይዘው ጠሪው ይሆናል።

ወደ አሁኑ ዘመን ልመለስ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 እንዲሆን፣ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት እንዲኖር ወስኗል። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአንድ ወር ያህል ረዘመ ማለት ነው። በክረምት ድንጋጌ የማውጣት ሥልጣን ግን እንደ ቀድሞው አልተጻፈም። የተጻፈው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፤ ተወካዮቹ በሥራ ላይ ካሉ በ48 ሰዓት፣ በሥራ ላይ ከሌሉ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብላቸዋል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ይሻራል።

የቀን መቍጠሪያ ኀይል ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜው የታወጀው ቅዳሜ መስከረም 28 ቀን ነበር። ምክር ቤቱ የሚከፈተው ሰኞ መስከረም 30 ነው። ስለዚህ በአሥራ አምስቱ ቀን ተቈጠረና ጥቅምት 10 ቀን ጸደቀ። ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ የሚቈጠረው 48 ሰዓት ይሆን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ሌላ አዋጅ ሲታወጅ ተወካዮቹ በሥራ ላይ ስለ ነበሩ ጥቅምት 25 ቀን ተሰብስበው ወሰኑ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን የታወጀው በዕረፍታቸው ወራት ስለ ሆነ፣ በአስቸኳይ ስብሰባ የጸደቀው በአሥረኛው ቀን፣ ነሐሴ 8፣ ነው። ሦስቱም አዋጆች ጸድቀዋል፤ የጸደቁበትን ምክንያት ለመመርመር አልተነሣሁም። ነገር ግን በሁለት ቀንና በአሥር ቀን መካከል፣ ወይም በሁለት ቀንና በአሥራ ሁለት ቀን መካከል፣ አዋጁ ያለ ተመራጭ ድምፅ በሰው ላይ ሲሠራ ይቈያል። የመቀመጫው ዘመን በሁለት ወር ይጠር የሚል ሰው የአሥራ አምስቱን ቀን ቈጠራ በሁለት ወር ማስፋቱን አውቆ ይበል።

በክልሎች ያለው ሁኔታ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። የክልል ምክር ቤት እንደ ፌዴራሉ ለወራት አይቀመጥም፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ በየጊዜውም ጥቂት ቀን ይሰበሰባል። ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሐዋሳ በራሷ ላይ አይታለች። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ክልል የመሆን ጥያቄውን የወሰነው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በሕገ መንግሥቱ 47ኛ አንቀጽ፣ ጥያቄው የደረሰው የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። የያኔው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ምክር ቤት ጥያቄውን ለምርጫ ቦርድ ያስተላለፈው ግን በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። አራት ወር በመካከሉ አለፈ።

የአራት ወር መዘግየት በመሥሪያ ቤት አሠራር ለምደነዋል፤ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወደ ኀላፊው ጠረጴዛ እስኪደርስ አንዳንዴ ከዚያም ይበልጣል። በ2011 ዓ.ም. ግን የዓመቱ ቈጠራ ከየትኛው ቀን ይጀምር የሚለው የሕዝብ ጥያቄ ሆነ። ብዙ ሰው በልቡ የያዘው ሐምሌ 11 ቀንን ነበር። ያ ቀን ያለ ሕዝበ ውሳኔ ሲደርስ በከተማዋና በዞኑ ሁከት ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ፤ ኢንተርኔት ተቈረጠ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከድምፁ ከመቶ 98 በላይ ለክልልነት ሆነ። ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ምክር ቤት በሐዋሳ ተቀምጦ ሥልጣኑን ለሲዳማ አስረከበ፤ ክልሉም ሰኔ 27 ቀን ተመሠረተ። ሕዝቡ በዚያ መጠን ያወቀውን ፍላጎት ለመወሰን አራት ወር የሚፈጅ ምርመራ አያሻም ነበር። መዘግየቱ ሁሉ የስብሰባ ማነስ ውጤት ነው አልልም፤ ፖለቲካም ነበረበት። ነገር ግን የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት የሆነ ምክር ቤት «ገና አልተሰበሰብንም» የሚል መልስ ሁልጊዜ በእጁ አለ፤ ይህም መልስ በዚያ ዓመት የሰው ነፍስ አስከፈለ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ አስተያየቴን ልናገር። የፌዴራሉ መቀመጫ አይጠር፤ ክረምቱም ቢሆን ተወካዮቹ በቀላሉ የሚጠሩበት መንገድ ይኑረው። ዛሬ አፈ ጉባኤው በዕረፍት ጊዜ ሊጠራቸው ይችላል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት አባሎች ከጠየቁም ሊጠራቸው ግዴታ አለበት። ከ547 ወንበር ግማሹን በክረምት አፈላልጎ ማስፈረም ግን ከባድ ሥራ ነው፤ ቍጥሩ ቢቀንስ መልካም ነበር እላለሁ።

የክልሎቹ ግን ይርዘም። ብዙ አይደለም፤ ለበጀቱ ያህል ብቻ። እናንተ የፋይናንስ ሠራተኞች እንደምታውቁት የዓመቱ ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ክልሉ ከፌዴራል የሚያገኘው ድጎማ የሚታወቀው ተወካዮቹ በሰኔ መጨረሻ በጀቱን ሲያጸድቁ ስለ ሆነ፣ የክልሉ ምክር ቤት የሚሰበሰበው አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ይቸኵላል፤ መምህሩም ሐኪሙም ደመወዙን ይጠብቃል፤ ወፍራሙ የበጀት ሰነድ በተመራጩ እጅ የሚገባው ድምፅ ሊሰጥበት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የድጎማው መጠን አስቀድሞ በግንቦት ቢነገርና ሰነዱ በየኮሚቴው ሁለት ሳምንት ቢታይ፣ በአዳራሹ የሚያስፈልገው ቀን ከአሁኑ እምብዛም አይበልጥም። የቢሮ ኀላፊ የሆነው ተመራጭ ግን ሁለቱን ሳምንት ከወዴት ያመጣል? እዚህ ላይ የወዳጄ የመጀመሪያ ወቀሳ ይመለሳል፤ እኔም የቀኑ ማነስ ሳይሆን አንድ ሰው ሁለት ወንበር መያዙ ነው መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ብዬ መልሼለታለሁ።